የቀንድ አውጣው ሦስት ዙር

እ.ኤ.አ. ማርች 6 ቀን 1934፣ ማክሰኞ ከቀኑ ስምንት ሰዓት፣ በዌልስ በቴይቪ ሸለቆ ባለው የፕሮሰር ቤት አራት ሰዎች ኢንስፔክተር ሜይሪግን ይጠብቁ ነበር፦ በግ አርቢው ኢድዋል ፕሮሰር፣ የሚስቱ ታናሽ እህት ሄቪና፣ የስፌት ተማሪዋ ላውሪ እና ላውሪን በካቴና ያሰራት ኮንስታብል ሂዩ። የኢድዋል ሚስት ቴግዌን ወለሉ ላይ ተደፍታለች። የራስ ቅሏ ከኋላ ተከስክሷል። ጸጉር የተጣበቀበት የብረት ካውያ ከጎኗ ወድቋል። የተመታችው አንዴ ብቻ አልነበረም።

ደሙ በእንጨት የስፌት መወጠሪያ ላይ ወደ ተዘረጋው ነጭ ብርድ ልብስ ተረጭቷል። ሁለት ጨርቅ በመሐሉ ሱፍ ተደርጎ የሚሰፋ ነው። የእህትማማቾቹ እናት ሳትጨርሰው ከሞተች አሥራ አንድ ዓመት ሆኗታል።

«ነገሩ ያለቀ ነው ጌታዬ» አለ ሂዩ። «ይቺ ልጅ እስከ ክርኗ በደም ተነክራ ሬሳው ላይ ተንበርክካ ነው ያገኘኋት። ነገ ስድስት ሰዓት ላይ መኪና ወደ ወህኒ ይወስዳታል።»

«አምስት ሰዓት ላይ ለትምህርቴ መጣሁ» አለች ላውሪ። «ላነሳት ብዬ ጭንቅላቷን ስይዘው ጣቴ ወደ ውስጥ ገባ። ይሰቅሉኛል ጌታዬ?»

ሬሳውን ያየው ሐኪም ግን ሴትዮዋ የሞተችው ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ገደማ ነው ብሏል። በዚያ ሰዓት ላውሪን ያየ ሰው አልነበረም።

«ምን ነበር የምታስተምርሽ?» አላት ኢንስፔክተሩ።

«አዲሱን ስፌት። ክሩን ቋጥሮ ቋጠሮውን ሱፉ ውስጥ መደበቅ። ሌላ አላውቅም። መርፌ ከያዝኩ ገና ሦስት ሳምንቴ ነው።»

ኢንስፔክተሩ ወደ ኢድዋል ዞረ። «እጅጌህ ላይ ያለው ደምስ?»

«የበግ ነው። በጎቼ እየወለዱ ነው፤ ካላመንክ ሂድና እናቲቱን በግ ጠይቃት።»

«ሚስትህን ትመታት ነበር ይባላል።»

«እመታታለሁ፣ ትመታኛለች። ይሄን ጥርስ ማን ያወለቀው መሰለህ? ግን እዚህ ድሪቶ አጠገብ ልገድላት?»

«ድሪቶ አትበለው» አለች ሄቪና ዝቅ ባለ ድምፅ።

«እርስዎስ ይሰፋሉ?» አላት ኢንስፔክተሩ።

«እናታችን ከሞተች ወዲህ መርፌ ነክቼ አላውቅም። ጎበዟ ቴግዌን ነበረች። እኔ ጠዋት ቤቴ ዳቦ ስጋግር ነበር።»

የሜይሪግ እናት ከእርሻ ቤት ወደ እርሻ ቤት እየዞረች ብርድ ልብስ ትሰፋ ነበር፤ እሱም ያደገው መወጠሪያ ሥር ነው። አጉሊ መነጽሩን አውጥቶ ጎንበስ አለ። መሐል ላይ «ቀንድ አውጣ» የሚሉት ጥምዝ ንድፍ አለ። የአሮጌው ክር ዙሮች ተተርትረው የመርፌው ቀዳዳ ብቻ ቀርቷል። ከእነሱ ሦስቱ ግን በአዲስ ክር እንደገና ተሰፍተዋል። ቀጥሎ የሟቿን የተጨበጠ እጅ ፈለቀቀ። ውስጡ በእርጅና ቢጫ የሆነ ክር ነበር።

በማግስቱ በአራት ሰዓት ሁሉንም መወጠሪያው ዙሪያ ሰበሰባቸው።

«ቴግዌን የሞተችው የእናቷን ስፌት እየተረተረች ነው። ለምን ነበር ላውሪ?»

«ለኔ ማስተማሪያ ልታደርገው። ንድፉ የድሮው ይሁን፣ ስፌቱ ግን በአዲሱ ይሁን ትል ነበር።»

«እነዚህን ሦስት ዙሮች ታዲያ ማን ሰፋቸው?»

«ራሷ ናታ» አለ ሂዩ።

«ቀረብ በልና እይ። ደሙ ጨርቁ ላይ አለ። ክሩስ?»

ሂዩ አጎነበሰ። «ክሩ ነጭ ነው።»

«ደሙ ከክሩ በታች ነው። የተሰፋው ደሙ ከደረቀ በኋላ ነው። ገዳዩ አልሸሸም። ሬሳውን እግሩ ሥር አድርጎ፣ ወንበር ስቦ ሲሰፋ አረፈደ።»

ኢድዋል ፊቱን በእጁ ሸፈነ።

«ኢድዋል እስከ አምስት ሰዓት ከጎረቤቱ ጋር በጎቹን ሲያዋልድ ነበር፤ ጎረቤቱን ጠይቄዋለሁ። ላውሪ የምታውቀው ቋጠሮ ብቻ ነው። እዚህ ቋጠሮ የለም። ክሩ ሳይቋጠር ሁለቴ ወደ ኋላ ተመልሶ ነው የተጀመረው፣ እንደ ድሮዎቹ ሰፊዎች።» ምላጭ ከኪሱ አወጣ። «ይህን ቁራጭ ቆርጬ ለዳኛው እወስዳለሁ።»

ምላጩ ጨርቁን ሲነካ ሄቪና ተወርውራ ስለቱን በባዶ እጇ ጨበጠችው። በጣቶቿ መሐል ደም ወረደ።

«አትንካው። የእናቴ ነው።»

«የእናትዎ ስፌት ተተርትሯል ሄቪና። ይህ የትናንት ነው።»

እሷ ምላጩን አልለቀቀችም። «እንደሷ አድርጌ ነው የሰፋሁት» አለች። «ቴግዌን እያንጎራጎረች እንደ ዶሮ ላባ ትነጨዋለች። ተይ አልኳት፣ አራት ጊዜ። እናታችን እኮ ዓይኗ ጠፍቶ በዳበሳ ነው የሰፋችው። ቴግዌን ግን ‹ጠማማ ነው› ብላ ሳቀች። ካውያው አጠገቤ ነበር። ሳቋ እስኪቆም መታኋት።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ የተረተረችውን የቻልኩትን ያህል መልሼ ሰፋሁ። በሩ ሲንኳኳ ሦስተኛውን ዙር ጨርሼ ነበር። በጓሮ ወጣሁ።»

ሂዩ ካቴናውን ከላውሪ እጅ ፈታ። ላውሪ ማንንም ሳትሰናበት በእግሯ ወደ እናቷ ቤት ሄደች። ሄቪና በጁን ወር ተፈርዶባት በኦገስት ተሰቀለች።