ውኃ የሌለው ታንከር

አስከሬኑን መጀመሪያ ያዩት ጀሪካን ይዘው ወደ ምንጭ የሚወርዱ ሴቶች ነበሩ። መቶ አለቃ ቸኮል ከሆሳዕና ፖሊስ ጣቢያ ሲደርስ፣ የቤት ሠሪዎች ማኅበሩ ነዋሪዎች ከውኃ ታንከሩ ራቅ ብለው ቆመዋል። ጡረተኛው መምህር አቶ ጴጥሮስ በጀርባቸው ተንጋለዋል። ራሳቸው ከኋላ በኩል በታንከሩ የሲሚንቶ መደብ ጠርዝ ተመትቶ ተሰንጥቋል። ከበላያቸው፣ የብረት መሰላሉ አንድ መርገጫ ተገንጥሎ ተንጠልጥሏል።

ሰው ሁሉ ወድቀው ነው ብሎ ጨርሷል።

የማኅበሩ ሊቀመንበር ወንዳፈረው የካኪ ኮቱን እየቆለፈ ቀረበ። «አስቸጋሪ ሰው ነበሩ» አለ። «ለውኃ ሞተሩ ናፍታ በየወሩ እናዋጣለን፣ ውኃው የታለ እያሉ ይነዘንዙን ነበር። ትናንት ማታ ዝናቡ ካባራ በኋላ ደጄ መጥተው፣ ታንከሩን ወጥቼ አያለሁ አሉኝ። መሰላሉ ደህና አይደለም፣ ይተዉ ብዬ መከርኳቸው።»

ቸኮል ቀና ብሎ መርገጫው የተገነጠለበትን አየ። ስብራቱ ዝጓል። ከዚያ አስከሬኑን እንዲያነሱ ፖሊሶቹን አዘዘ። ዙሪያው ጭቃ ነው፤ ከሟቹ ጀርባ ሥር የነበረው አፈር ግን ደረቅ ነው። ዝናብ ባበሰበሰው ኮታቸው ደረት ላይ፣ ግራና ቀኝ፣ ሁለት ጠቆር ያሉ እድፎች ነበሩ። ቸኮል ጎንበስ ብሎ እድፎቹን አሸተተ።

የሟቹን ቤት የከፈተችለት ጎረቤታቸው ወይዘሮ ገነቴ ናት።

«መሰላሉ መቼ ተሰበረ?»

«ከመስቀል በፊት። ለኮሚቴው ስንነግር ከረምን። ማን ሰምቶን?»

ቤቱ ውስጥ አንድ አልጋ፣ አንድ ሬዲዮ፣ ግድግዳ ላይ የሟች ሚስታቸው ፎቶግራፍ አለ። ቸኮል የራሱን ቤት ያየ መሰለው። ከጎጃም ከወጣ ወዲህ አንዲት ሳህን ይዞ ከከተማ ወደ ከተማ ሲዛወር ነው የኖረው። እዚህ ግን ጠረጴዛው ላይ ሁለት ሳህን ተቀምጧል። ቆጮውና ጎመኑ ሳይነካ ቀዝቅዟል። ብቻውን የሚበላ ሰው ሁለተኛ ሳህን እንደማያወጣ ከቸኮል በላይ የሚያውቅ የለም።

«እንግዳ ይጠብቁ ነበር?»

«ተገኘ ከሚባለው ልጅ በቀር ማን ይመጣላቸዋል?» አለች ገነቴ። «የውኃ ሞተሩ ሠራተኛ ነው፤ ድሮ አስተምረውታል። ሚስታቸው ካረፉ ወዲህ እራት ብቻቸውን አይወርድላቸውም።»

ተገኘ ከታንከሩ ጎን ባለችው የሞተር ክፍል ደጃፍ ተቀምጦ ነበር። ዓይኑ ቀልቷል።

«አቶ ጴጥሮስን መቼ ነው ያየሃቸው?»

«ከእሑድ ወዲህ አላየኋቸውም።»

«ሞተሩስ ለምን ቆመ?»

«ናፍታ የለም። ጠብታ ካየሁ ወር አልፎኛል። ኮሚቴው ካልገዛ በምን ላስነሳው?»

«የዚህ ክፍል ቁልፍ ማን ዘንድ ነው?»

«እኔ ዘንድ ብቻ።»

እኩለ ቀን ላይ ቸኮል ሁሉንም በማኅበሩ አዳራሽ ሰበሰበ።

«አቶ ጴጥሮስ ከመሰላል አልወደቁም» ብሎ ጀመረ። «መርገጫው ከተገነጠለ ቆይቷል፣ ስብራቱ ዝጓል። ከሥራቸው ያለው አፈር ደረቅ ነው፤ ስለዚህ ዝናቡ ሳይጀምር ሞተው ነበር። ጓድ ሊቀመንበር፣ ከዝናቡ በኋላ ያነጋገርዎት ማን ነው?»

ወንዳፈረው ላብ አጠመቀው። «መሰላሉን ባለማሠራቴ እጠየቃለሁ ብዬ ነው» አለ። «አላየኋቸውም።»

«ውሸት ሁሉ ግድያ አይደለም። ለመሆኑ ናፍታ ይገዛል?»

«በየወሩ ይገዛል። ያለፈው ሳምንትም ገብቷል።»

«ሞተሩ ውስጥ መግባቱን አይተው ያውቃሉ?»

ወንዳፈረው ራሱን በአሉታ ወዘወዘ።

«ሟቹ ደረታቸው ላይ የሁለት እጅ ምልክት አለ» ሲል ቀጠለ ቸኮል። «የናፍታ ነው። ናፍታ በዝናብ አይለቅም። በናፍታ የተነከረ እጅ ወደ ኋላ ገፍትሯቸዋል። ቁልፉን የያዘው ሰው ደግሞ ናፍታ ካየሁ ወር አለፈኝ ብሎኛል። ሁለተኛው ሳህን የማን እንደሆነ ሰፈሩ ያውቃል።»

ዓይን ሁሉ ወደ ተገኘ ዞረ። ተገኘ ሊከራከር አልሞከረም።

«እራቱ ቀዘቀዘ ሊሉኝ መጡ» አለ ወለሉን እያየ። «ለነጋዴ የምሸጠውን ናፍታ ከበርሜል ስቀዳ አገኙኝ። አልተቆጡም። ነገ አብረን ለሕዝቡ እንናገራለን፣ ከጎንህ እቆማለሁ አሉኝ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። ደጃፉ ላይ ዞር በሉልኝ ብዬ ገፋኋቸው እንጂ ልገድላቸው አላሰብኩም። በጀርባቸው የታንከሩ መደብ ጠርዝ ላይ ወደቁ። ከዚያ ዝናቡ መጣ። ትቻቸው ሄድኩ።»

ገነቴ ነጠላዋን አፏ ላይ ጫነች። «ሌሊቱን ሙሉ እዚያ» አለች በዝግታ። «ማናችንም የት ገቡ አላልንም።»

ተገኘን ወሰዱት። ወንዳፈረውም ቃሉን እንዲሰጥ ተከተለ። ሰው ሲበተን ቸኮል ውጭ፣ አስከሬኑ ካረፈበት ቃሬዛ አጠገብ፣ ከገነቴና ከጥቂት ጎረቤቶች ጋር ቀረ።

«ማን ይቀብራቸዋል?» ሲል ገነቴን ጠየቃት።

«ልጅ የላቸውም። እድራችንና ቤተ ክርስቲያናችን አሉ።»

ቸኮል ጥቂት አመነታ። «እድራችሁ ከሌላ አገር የመጣ ሰው ይመዘግባል?»

«ለማን ነው፣ መቶ አለቃ?»

«ለእኔ።»

ገነቴ ትክ ብላ አየችው። «እሑድ ይምጡ» አለችው። «ብቻ እድርተኛ ከቀብር አይቀርም።»

ቸኮል ቆቡን አውልቆ ብብቱ ሥር ሸጎጠና፣ ከጎረቤቶቹ ጋር የቃሬዛውን አንድ ጫፍ አነሣ።