የሎቪና ጀልባና የአያቷ መዶሻ

ሎቪና ብሩባከር የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበረች። ቤቷ በኦንታሪዮ ገጠር፣ ከኮነስቶጎ ወንዝ ማዶ፣ የበቆሎው ማሳ የሚያልቅበት ቦታ ላይ ነው። ከአባቷ ከኖኅ፣ ከእናቷ ከሰሊና እና ከአያቷ ከምናሴ ጋር ትኖራለች። አሥራ ስምንት ላሞችም አሏቸው። ላሞቹን ያነሳሁት በከንቱ አይደለም፣ ትንሽ ታገሡኝ።

ሎቪና ጥያቄ አያልቅባትም። "እማዬ፣ ትንኝ ለምን ተፈጠረች?" ትላለች። "አባዬ፣ ጨረቃን ማን እዚያ ሰቀላት?" ትላለች። እናቷ ሲመርራት "አንቺ ልጅ፣ አፍሽን ለምግብ ብቻ የምትከፍቺበት ቀን መቼ ይሆን?" ትላታለች። ልጆች፣ መጠየቅ ጥፋት አይደለም። በኋላ የሎቪና ጥፋት ጥያቄዋ እንዳይመስላችሁ ከአሁኑ ልንገራችሁ።

በዚያ ዓመት በሰኔ ወር መብረቅ ወረደና በረታቸውን አቃጠለው። ላሞቹ ተረፉ። በረቱ ግን እስከ መሠረቱ ዐመድ ሆነ። ከዚያ ወዲህ ላሞቹ በየጎረቤቱ በረት ተበትነው ያድራሉ። የታጨደው ድርቆሽም መግቢያ አጥቶ ሜዳ ላይ ተከምሯል። ዝናብ ከመታው ይበሰብሳል፤ ድርቆሹ ከበሰበሰ ደግሞ ላሞቹ በረዷማውን ክረምት የሚበሉት የላቸውም።

እኛ ዘንድ በረት የተቃጠለበት ሰው ብቻውን አይሠራም። ቀን ይቆረጣል። አገር ምድሩ በጋሪ ይመጣል። በረቱ በአንድ ቀን ይቆማል! ከዚያ በፊት ግን አንድ አናጢ ግንዱን ሁሉ ጠርቦ፣ ቀዳዳውን በመሮ በስቶ፣ እያንዳንዱን እንጨት በልኩ አዘጋጅቶ መጠበቅ አለበት። ያ አናጢ የሎቪና አያት ምናሴ ነበሩ። ሰባ አራት ዓመታቸው ነው። ባሉጥ ከሚባል ጠንካራ እንጨት የተሠራ መዶሻ አላቸው። መዶሻውን በልጅነታቸው የሰጧቸው አባታቸው ነበሩ። እጀታው በመያዝ ብዛት ጎድጉዷል። ያንን መዶሻ ለማንም አያውሱም።

የሎቪና ሥራ ከአያቷ መሥሪያ ጠረጴዛ ሥር ቁርጥራጭ እየለቀመች ለእናቷ ምድጃ ማድረስ ነበር። አያቷ አንድ ሕግ ብቻ ነበራቸው። "መሬት የወደቀው ለምድጃ ነው። ሳጥን ውስጥ ያለው ለበረቱ ነው። ሳጥኑን እንዳትነኪ።"

በዚያው ሰሞን የአጎቷ ልጅ ኤልቪን ከከተማ መጣ። አሥራ ሁለት ዓመቱ ነው፤ ሁሉን አውቃለሁ ባይ ነው። አንድ ከሰዓት በኋላ ግንዱ ክምር ላይ ተቀምጠው እግራቸውን ያወዛውዛሉ።

"ኤልቪን፣ ከዋክብት ለምን የተሠሩ ይመስልሃል?" አለችው።

"ለምንም።"

"እንዴት ለምንም?"

"ለምንም ነዋ! ከአያታችን መላጊያ ሥር ፍቅፋቂ ይረግፍ የለ? እንደዚያ ነው። ዝም ብሎ ረገፈ፣ ዓለም ሆነ፣ አለቀ። ሠሪ ካለውማ መብረቁን በእናንተ በረት ላይ ለምን ይለቃል?"

 ጥያቄው ሎቪና ሆድ ውስጥ ገብቶ ተቀመጠ።

"ይልቅ ነይ፣ ጀልባ እናሽቀዳድም!" አላት ኤልቪን።

ወደ ጅረቱ ወረዱ። ኤልቪን ከጥድ ቅርፊት ፈጣን ጀልባ ሠርቷል። የሎቪና ጀልባ ግን ወፍራም ቁራጭ ነበረችና ወደ ጎን እየዞረች ሣሩ ውስጥ ትገባለች። ሦስት ጊዜ ተሸነፈች።

"ይቺ ጀልባ ናት ወይስ የላም እበት?" እያለ ኤልቪን በሣቅ ፈረሰ።

ሎቪና ጆሮዋ ድረስ ቀላች።

በማግሥቱ፣ ማክሰኞ ዕለት፣ በረቱ ሊቆም ከተቆረጠለት ሐሙስ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ቁርጥራጭ ልትለቅም አያቷ ሥራ ቦታ ገባች። ዐይኗ ሳጥኑ ውስጥ አረፈ። እዚያ አንዲት ስንዝር የምታህል እንጨት አለች። አንዱ ጫፏ ወፈር ያለ፣ ሌላው ሹል፣ ጎኗ እንደ መስተዋት የለሰለሰ። እንደ ጀልባ አፍንጫ!

"አባባ፣ ይቺ ለምንድን ናት?"

አያቷ እርሳስ በጥርሳቸው ነክሰው ግንድ ይለካሉ። "እም... ሐሙስ ታያታለሽ" አሉ።

ሎቪና እንጨቷን አገላበጠቻት። ቀዳዳ የላትም፣ ምልክት የላትም፣ የምትሰካበትም አይታወቅም። "ይቺማ ለምንም አይደለችም" አለች በልቧ። "ኤልቪን እውነቱን ነው። ለምንም ያልሆነ ነገር አለ።" እዩልኝ ልጆች፣ አንድ ነገር ስንፈልግ እንዴት ፈላስፋ እንሆናለን! አያቷ ዞር ሲሉ እንጨቷን በቀሚሷ ኪስ ከተተች።

እና አሸነፈች! እንዴት ያለ ማሸነፍ! ጀልባዋ ውኃውን እየሰነጠቀች ድንጋዩን ዘላ፣ የኤልቪንን የጥድ ቅርፊት አልፋ፣ ከትንሿ ድልድይ ሥር ቀድማ ደረሰች። ሎቪና በባዶ እግሯ እየዘለለች "እበቷ ቀደመችህ! እበቷ ቀደመችህ!" ብላ ጮኸች። ከዚያ ቤት ይዛት ለመግባት ፈራችና ድልድዩ ሥር ውኃው ውስጥ በገመድ አሰረቻት። ጀልባዋ ሁለት ቀን እዚያው ቆየች።

ሐሙስ ደረሰ!

ገና በማለዳ ጋሪው መንገዱን ሞላው። ስልሳ ጋሪ! ወንዶቹ መዶሻና መጋዝ ይዘው፣ ሴቶቹ ፓይ የሚሉትን በፖም የተሞላ ጣፋጭ ዳቦና የተጠበሰ ዶሮ በቅርጫት ተሸክመው መጡ። ምናሴ ድንጋይ ላይ ቆመው ያዝዛሉ። "ያዝ! አንሣ! አሁን... በል!" ይላሉ። መቶ ሰው በአንድ ድምፅ "ሆ!" ይልና ግድግዳው በሙሉ ከመሬት ተነሥቶ ይቆማል። በየግንዱ ጫፍ የተጠረበው ምላስ ወደ ቀዳዳው ይገባል፤ አንዱም አይሰፋም፣ አንዱም አይጠብም። ኤልቪን አፉን ከፍቶ ቀረ።

"አንዴም ሳይገጥሙት ነው እንዴ ልኩን ያወቁት?" አለ።

"አባባ በጭንቅላታቸው ውስጥ ቀድመው ሠርተውታላ!" አለችው ሎቪና። ደስታዋ ልክ አልነበረውም። ጀልባዋን ጭራሽ ረስታታለች።

እኩለ ቀን ላይ በምዕራብ በኩል ጥቁር ደመና ብቅ አለ። አሁን የቀሩት የጣሪያው ረጃጅም ወጋግራዎች ናቸው፤ አንዱ በሰሜን፣ አንዱ በደቡብ። እያንዳንዱ ወጋግራ ከሁለት ግንድ ተጋጥሞ መሐሉ ላይ በአንዲት ሹል የእንጨት ሽብልቅ ይቆለፋል። የሰሜኑ ገባ። ቷ! ቷ! ቷ! ተቆለፈ። የደቡቡን ደግሞ አሥራ ሁለት ሰዎች በገመድ ሰቅለው ያዙት። የሎቪና አባት ኖኅ ላዩ ላይ እንደ ፈረስ ተቀምጦ እጁን ዘረጋ።

"ሽብልቋን አቀብሉኝ!"

ምናሴ ሳጥኑን ከፈቱ። ባዶ ነው።

 ሎቪና አሁን ገባት። ያቺ ለምንም ያልሆነችው እንጨት!

"ሎቪና፣ ቁርጥራጭ ስትለቅሚ ሳጥኑ ውስጥ አንዲት ሽብልቅ አላየሽም?" አሉ አያቷ።

መቶ ሰው አያት። "አላየሁም፣ አባባ" አለች።

አያችሁ ልጆች? መጀመሪያ ሳጥን፣ ቀጥሎ ኪስ፣ ቀጥሎ ምላስ። ጥፋት ብቻውን መሄድ አይወድም።

"ቶሎ በሉ!" ሲል አባቷ ከላይ ጮኸ። "ገመዱ እየከዳን ነው!"

የሰዎቹ ክንድ ይንቀጠቀጣል። ገመዱ አንድ ስንዝር ሸሸ። ወጋግራው አቃሰተ፤ የአባቷ ባርኔጣ ከላይ ወርዶ እግሯ ሥር ወደቀ። ሎቪና ባርኔጣውን አየች። ባርኔጣው ብቻ ባይሆንስ? አባዬ ራሱ ቢሆንስ?

"እኔ ነኝ!" ብላ ጮኸች። "አባባ፣ እኔ ወስጃታለሁ! ዋሸሁ! ጀልባ አድርጌያት ነው!"

መልስ አልጠበቀችም፤ ወደ ጅረቱ በረረች። ኤልቪንም ተከተላት። በኋላቸው ወንዶች እየተሯሯጡ በወጋግራው ሥር የእንጨት ድጋፍ ሲያቆሙ ይሰማል። ሎቪና ውኃው ውስጥ እስከ ጉልበቷ ገብታ ገመዱን በጥርሷ በጠሰች። ውኃ የምታንጠባጥበውን ሽብልቅ ታቅፋ ተመለሰች።

ምናሴ በአውራ ጣታቸው ለኳት። ራሳቸውን ነቀነቁ። "አብጣለች" አሉ።

"ላጥ ቢያደርጓትስ?" አለ ኤልቪን።

"ዛሬማ ትገባለች። ስትደርቅ ግን ተኮማትራ ትላላለች፣ የክረምቱ ነፋስ ሲመጣም ወጋግራው ይላቀቃል። ደረቅ ባሉጥ ያስፈልገኛል። የዚህ በረት እንጨት ደግሞ ሁሉም እርጥብ ነው። ከሰሜኗ ሽብልቅ ሌላ ደረቅ የነበረችው እሷ ብቻ ናት።"

 ደመናው ቀረበ። ምናሴ በእጃቸው ወደያዙት መዶሻ ተመለከቱ። ረጅም ጊዜ አዩት።

"መጋዝ አምጡልኝ" አሉ።

"ምናሴ፣ ተው እንጂ! የአባትህን መዶሻ?" አሉ አንድ ሽማግሌ ጎረቤት።

"አባቴ በረት እንዳቆምበት ነው የሰጠኝ። በረት ላቁምበታ።"

መጋዙ መዶሻውን ሲበላ ሎቪና ቆማ አየች። ዐይኗን ልትጨፍን ፈለገች፤ አልጨፈነችም። እንባዋ ግን እየወረደ ነበር። አያቷ ከመዶሻው ራስ አዲስ ሽብልቅ አወጡ፣ ላጓት፣ ለኳት። ከዚያ ሎቪና እጅ ላይ አኖሯት።

"አንቺ አቀብዪው" አሏት።

መሰላሉን ወጥታ አቀበለች። አባቷ ተቀበላት። ቷ! ቷ! ቷ! ወጋግራው ተቆለፈ። ገመዱ ተለቀቀ፤ ወጋግራው ግን ንቅንቅ አላለም። ባርኔጣ ሁሉ ወደ ሰማይ ተወረወረ! ጩኸቱ የወንዙን ዳክዬዎች አስነሣ።

ከዚያማ ማን ይዟቸው! ጣሪያው ተመታ። ድርቆሹ በጋሪ እየተጣደፈ ገባ። የመጨረሻው ጋሪ በሩን ሲያልፍ የመጀመሪያው የዝናብ ጠብታ የፈረሱን ጀርባ መታው። አሥራ ስምንቱ ላሞች እየጮኹ ወደ አዲሱ ቤታቸው ገቡ። ሎቪና አንድ በአንድ ቆጠረቻቸው።

ከዚያ ዝናቡ ጣሪያውን እየደበደበ ሁሉም ድርቆሹ ላይ ተቀምጦ ፓይ በላ። ኤልቪን አፉን ሞልቶ ወደ አያቱ ጠጋ አለ።

"አያቴ፣ በረቱስ ሠሪ አለው። እርስዎን አይቻለሁ። የዓለምን ሠሪ ግን አላየሁም።"

"ሽብልቋስ እኔን አይታኛለች?" አሉ ምናሴ።

"እንጨት ምን ዐይን አላት!"

"እኮ! እኔ ግን የት እንደምትገባ ዐውቅ ነበር።"

ኤልቪን ሣቀ፤ ቢሆንም ቶሎ የሚረታ ልጅ አይደለም። "ፍቅፋቂስ? እሱስ ለምንድን ነው?"

"አንተ ሆዳም!" አለች የሎቪና እናት ሰሊና ከወዲያ ማዶ። "ያለ ፍቅፋቂ ምድጃው በምን ተቀጣጠለና ፓዩን በላህ?"

አገሩ በሣቅ ሞላ። ሎቪና ግን አልሣቀችም። ሆዷ ውስጥ የቀረውን ጥያቄ አወጣች። "አባባ፣ መብረቁስ? መብረቁን ለምን ለቀቀብን?"

 ምናሴ ቀስ ብለው ተናገሩ። "እሱን አላውቅም፣ ልጄ። ሠሪ እንዳለን አምናለሁ። መብረቁን ግን እኔም ገና እጠይቃለሁ። አንቺ ስለ ሽብልቋ ስትጠይቂኝ ምን አልኩሽ?"

"ሐሙስ ታያታለሽ አሉኝ።"

"እኔም ሐሙሴን እየጠበቅሁ ነው" አሉ።

ሎቪና ደረታቸው ላይ ተለጥፋ አለቀሰች። "መዶሻዎን አጠፋሁ። ዋሸሁም። ይቅር ይበሉኝ።"

"ይቅር ብዬሻለሁ። መሰላሉን ስትወጪ ነው ይቅር ያልኩሽ።"

"ያቺ ሽብልቅ ግን አሁን በእኔ ጥፋት ለምንም አትሆንም።"

"ማን አለ?" ብለው እርጥቧን እንጨት ኪሳቸው ውስጥ ከተቷት።

ሁለት ሳምንት ሙሉ ከምድጃው በላይ መደርደሪያ ላይ ደረቀች። አንድ ቀን አያቷ ሎቪናን ጠሯት። አዲስ መዶሻ ሠርተዋል። እጀታው ገብቷል፤ ነገር ግን እንዳይወልቅ ጫፉ ላይ አንዲት ደረቅ ሽብልቅ መመታት አለባት። የሎቪናን ጀልባ በመላጊያ አቀጠኗትና ሰጧት።

ሎቪና መታቻት። ቷ! ቷ! ቷ! ልክ ገባች።

"አባባ፣ ለዚህ ነበር ያሰቧት?"

"መጀመሪያ አይደለም" አሉ ምናሴ መዶሻውን በእጃቸው እየመዘኑ። "ካጠፋሽ በኋላ ግን አሰብኩላት።"

ልጆቼ፣ አንድ ነገር ለምን እንደተሠራ እኛ ስላላወቅን ብቻ ለምንም ነው አንበል፤ የሠራን አምላክ የእያንዳንዳችንን ቦታ ያውቃል፣ ብንበላሽም፣ ንስሐ ከገባን አዲስ ቦታ ያዘጋጅልናል።