ቡናማው ክኒን

እንደወትሮው የማጨጃው ማሽን የማሽላውን አገዳ አምጥቶ ርብቃ በር ላይ ደፋላት። ከመስታወቱ ጣሪያ ውጪ የማርስ ቀይ አቧራ ይነፍሳል።

ርብቃ የሰፈሩ መድኃኒት ቀማሚ ናት። አገዳውን «አንጣሪ» ለሚሉት መሣሪያ ታጎርሰዋለች፤ አንጣሪው ቀቅሎ፣ ቃጫውን ለይቶና አንጥቶ ዱቄት ያደርገዋል። መድኃኒቱ ራሱ ከአሸዋ ቅንጣት አይበልጥም፤ ክኒን ሆኖ የሚያዘውና ሆድ ውስጥ ገብቶ የሚፈርሰው በዚህ ዱቄት ነው።

የዚያን ቀን ዱቄቱን የሚያነጣው የአንጣሪው ክፍል ተቃጠለ። ክኒኑ ቡናማ ሆኖ፣ እበት መስሎ ወጣ። ርብቃ ውኃ ውስጥ ጣለችው፤ ልክ እንደ ነጩ ፈረሰ። ደጋግማ መረመረችው፤ እንከን የለውም። የሳንባ ትኩሳት ሰፈሩን እያዳረሰ ስለነበር መለዋወጫ አልጠበቀችም፤ አደለችው።

ማንም አልዋጠውም።

«ከብት አደረግሽን እንዴ?» አሉ አስተዳዳሪው አቶ ደምመላሽ፣ ክኒኑን እንደ ትኋን በሁለት ጣታቸው ይዘው። «ገለባ ልታበይን?»

«እስከ ዛሬ የዋጡት ነጩስ ከምን የተሠራ መስሎዎት ነው? ከዚሁ አገዳ እኮ ነው።»

«አትቀልጂ! ያ መድኃኒት ነው።»

ያን ሁሉ ጠፈር አቋርጦ የመጣ ሕዝብ የክኒን መልክ ያማርጣል! ጋሽ ጥላዬ እንኳ፣ ሕዝቡን ያመጣችውን መንኮራኩር ያበረሩት መሐንዲስ፣ ክኒኑን ትራሳቸው ሥር ሸጉጠው ሞቱ። ርብቃ ስትገንዛቸው ዕንባ አልመጣላትም። የመጣባት ንቀት ነው።

በማግስቱ እነዚያኑ ቡናማ ክኒኖች በነጭ ስኳር ለበጠቻቸውና «ከምድር የመጣ» ብላ አስነገረች። ሰዉ በር እስኪሰበር ተጋፋ። አቶ ደምመላሽ ከፊት ተሰልፈው ዋጡ።

«አየሽ፣ የምድር ነገር ሌላ ነው! ገና ከጉሮሮዬ ሳይወርድ ቀለል አለኝ» አሉ ደረታቸውን እያሹ።

«ይማርዎት» አለች፤ ሳቋ እያመለጣት። ትኩሳቱ ከሰፈሩ ለቀቀ። እሷ ግን በመዳናቸውም ናቀቻቸው።

ብዙም ሳይቆይ እሷኑ ትኩሳቱ አንቀጠቀጣት። መሳቢያዋን ከፈተች። ቡናማውም በስኳር የተለበጠው ነጩም አለ፤ ሁለቱም የእጇ ሥራ፣ ሁለቱም አንድ። ከነጩ አንስታ ዋጠች።

ውኃውን ጠጥታ ብርጭቆውን ስታስቀምጥ ነው ያደረገችው የገባት። ቡናማዎቹ አንድም ሳይጎድሉ ተቀምጠዋል። ማንም አላያትም፤ ቢሆንም ፊቷ ጋለ፣ ትኩሳት ባልሆነ ሙቀት።

ከእንግዲህ ሕዝቡን ለመናቅ ሌላ ምክንያት መፈለግ ሊኖርባት ነው።