ወደ መስኮቱ ያልዞሩት ቅጠሎች

ይሄ በራሴ ላይ የደረሰ ነው። ሰው አልነገረኝም፣ በሕልሜም አላየሁት።

ደግሞ ሌሊት አልነበረም። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው... በማዕድን ከተማችን በኪትዌ ውስጥ፣ ዝናቡ አባርቶ ፀሐይ ቦግ ባለችበት ሰዓት።

ቤቴ ፎቅ ላይ ናት፤ አንድ ክፍልና ጠባብ ወጥ ቤት። አልጋው ግድግዳውን ተጠግቷል። የቻንሳ ወንበር በሩ አጠገብ ነው። መስኮቱ ላይ ደግሞ የቻንሳ ጣሳዎች ተደርድረዋል።

ቻንሳ ሚስቴ ነበረች። ክረምቱ ሊገባ ሲል ቀበርኳት።

እኔ ዕድሜዬን ሙሉ አውቶቡስ የነዳሁ ሰው ነኝ። ስለ ተክል የማውቀው መንገድ ዳር የቆመውን ዛፍ እንዳልገጨው ብቻ ነበር። ተክሉ የእሷ ነው። በጣሳው ሁሉ እሬት ነበራት፣ የሚንጠለጠል ሐረግ ነበራት። አብልጣ የምትወደው ግን ፔፐሮሚያን ነበር... ወፍራም ክብ ቅጠል ያላት፣ ከስንዝር ብዙም የማትበልጥ ተክል።

"ውሃ አታብዛባት" ትለኝ ነበር። "ቅጠሏን በጣትህ እጠፍ አድርገህ እያት። ጠንካራ ከሆነች ጠግባለች። ስትለሰልስ ብቻ አጠጣት፤ እሱንም ከታች፣ ከሰሃኑ። ከላይ ካፈሰስክባት ትበሰብሳለች።"

አንዲት ቅጠል ቆርጠው ቢተክሏት ሌላ ፔፐሮሚያ ይወጣታል። ቻንሳ እንዲህ እየቆረጠች ለፎቁ ሰው ሁሉ አድላለች።

እሷ ከሄደች በኋላ ልጃችን ማላማ ወደ ሥራው፣ ወደ ሊቪንግስተን ተመለሰ። ለቀስተኛውም ቀስ በቀስ ቀረ።

ብቻዬን ንሺማ፣ የበቆሎ ገንፎአችንን፣ አገነፋለሁ፣ ብቻዬን እበላለሁ። ለአንድ ሰው የሚበቃውን መለካት አቃተኝ። ሁልጊዜ ይተርፋል።

አንድ ቀን በሩ ተንኳኳ።

ከጎን ያለችው ጎረቤቴ፣ የካሉባ እናት ነበረች። አፏ የማያርፍ ሴት ናት፤ የዚያን ቀን ግን ድምጿን ዝቅ አድርጋ ነበር። ቻንሳ የሰጠቻትን ፔፐሮሚያ በሁለት እጇ ይዛለች።

"ይቺን ይውሰዱልኝ፣ የማላማ አባት።"

"ምን አደረገችሽ?"

"መስኮት ጠላች።"

ሳቅኩባት። "ተክል መስኮት ሲጠላ አይተሻል?"

"ይሳቁ እንጂ! ሳዞራት ትዞራለች... ሳዞራት ትዞራለች። ፀሐዩ በዚህ፣ እሷ በዚያ።"

"ወዴት ነው የምትዞረው?"

መልስ ከመስጠቷ በፊት ኮሪደሩን ግራና ቀኝ አየች።

"ወደ ግድግዳው... ወደ እናንተ ግድግዳ።"

በዚያው ሰሞን ሌሎቹም መጡ። ከላይ ፎቅ የመጣው ሽማግሌ "ወደ መሬት ትደፋለች" አለኝ። የእኔ ቤት ከእሱ ሥር ነው። ከታች ያለችው ነርስ ደግሞ "ሽቅብ ተንጠራርታ ግንዷ ሊሰበር ነው" ብላ ሰጠችኝ።

እውነቱን ልንገራችሁ? ደስ ብሎኝ ነበር። ቢያንስ በሬን የሚያንኳኳ ሰው አገኘሁ።

ጣሳዎቹን ሁሉ መስኮቱ ላይ ደረደርኳቸው። የማዕድኑ አቧራ እንዳይቀመጥባቸው፣ ቻንሳ ታደርግ እንደነበረው፣ ቅጠሎቹን አንድ በአንድ በእርጥብ ጨርቅ ወለወልኳቸው።

በማግስቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከገበያ ስመለስ ፀሐይዋ መስኮቱን ሞልታዋለች።

ቅጠሎቹ ግን ለፀሐይዋ ጀርባቸውን ሰጥተዋል።

እሬቱም፣ ሐረጉም፣ ፔፐሮሚያዎቹም... ሁሉም ወደ ቤት ውስጥ አዘንብለዋል።

ወደ ወንበሯ።

በሩ ላይ ቆሜ ቀረሁ። መልሼ ልወጣ ነበር። ከዚያ ግን... እንዴት ብዬ ልንገራችሁ... ፍርሃቱ ለቀቀኝና እንባዬ መጣ።

"ቻንሳ" አልኩ። "መጣሽ?"

ከዚያ ቀን ጀምሮ ብቻዬን አልበላሁም። ወንበሯ ፊት ሰሃን አስቀምጣለሁ። የገበያውን ወሬ አወራላታለሁ። ማላማ ሲደውልም "ደህና ነን" እላለሁ።

"ደህና ነን? ከማን ጋር?" ይለኛል።

ወሬ አስቀይራለሁ።

የቻንሳ ታላቅ ወንድም ቺሌሼም ይደውል ነበር። እኛ ዘንድ ከባልና ሚስት አንዱ ሲሞት ነፍሱ ከቀረው ጋር ትቆያለች ይባላል። የሟች ወገኖች መጥተው በሕያው እጅ ላይ ነጭ ዶቃ ሲያስሩ ነው የምትሰናበተው።

"መቼ እንምጣ?" ይለኛል።

"መንገዱ ጭቃ ነው፤ ዝናቡ ይቁም።"

"አውቶቡስ ነጂ ሆነህ ጭቃ ፈራህ? እህቴን አስቀምጠህ ልታንገላታት ነው እንዴ?"

ስልኩን ዘጋሁ። ዶቃው ከታሰረ ትሄዳለች። እሷ ከሄደች ደግሞ እኔ ምን ቀረኝ?

ከዚያ ውሃው ጀመረ።

አንድ ቀን የፔፐሮሚያዋን ቅጠል እጠፍ ባደርገው ቢጫ ሆኗል። አፈሯን ስነካው ረጥቧል። መርጠብ ብቻ አይደለም... ጭቃ ሆኗል።

ውሃ አላጠጣሁም ነበር።

"እርጅና ነው፤ አጠጥቼ ረስቼ ይሆናል" አልኩ። የማጠጫዋን ኩባያ ቁም ሳጥን ውስጥ ቆልፌባት ቁልፉን ኪሴ ከተትኩ።

በማግስቱ ጣሳዎቹ በውሃ ጢም ብለዋል። ቅጠሎቹ ላይ ውሃ ተቋጥሯል፤ ከላይ ነው የፈሰሰው። ሰሃኖቹ ደረቅ ናቸው።

ቁም ሳጥኑን ከፈትኩ። ኩባያዋም ደረቅ ናት።

የፔፐሮሚያዋ ግንድ ከሥሩ ጠቁሮ ነበር። የኩሬ ሽታ ሸተተኝ።

ቻንሳ ከላይ አታፈስም... ያንን አውቅ ነበር፤ ግን ማወቅ አልፈለግኩም።

ሻይ ላፈላ ወጥ ቤት ገባሁ። ስመለስ ቅጠሎቹ ወንበሩን ትተውታል።

ወደ እኔ የዞሩ መስሎኝ ነበር። ልብ ብዬ ሳያቸው ግን የሚያዩት እኔን አይደለም።

ከትከሻዬ በላይ... ከኋላዬ ወዳለው ወጥ ቤት ነው።

ዘወር አላልኩም። ስልኬን አነሳሁና ለቺሌሼ ደወልኩ።

"ኑ" አልኩት። "ቶሎ ኑ።"

መጡ። ቺሌሼና አሮጊት አክስታቸው። በቀን፣ በሩን ወለል አድርገን ከፍተን። አክስቲቱ እጄን በውሃ አጠቡኝና ነጩን ዶቃ አሰሩልኝ።

"ቻንሳ፣ ልጄ" አሉ፤ ከጎኔ የተቀመጠ ሰው የሚያናግሩ ይመስሉ ነበር። "ለባልሽ በደንብ ኖረሽለታል። አሁን ተይው። ሂጂና እረፊ።"

ንፋስ መጋረጃውን ነካ አደረገው። ደረቴ ውስጥ የሆነ ነገር ቀለለኝ። ያን ጊዜ ሄደች... በዚህ አልጠራጠርም። ከአርባ ዓመት በላይ አብሬያት የኖርኩትን ሴት መሄድ እንዴት አላውቅም?

በማግስቱ ቅጠሎቹ ሁሉ ወደ መስኮቱ ዞረው አገኘኋቸው። እንደማንኛውም ተክል።

ቁጭ ብዬ እንደ ልጅ አለቀስኩ።

የበሰበሱትን ጣልኩ። ከተረፈችው ፔፐሮሚያ ደህና ቅጠል ቆርጬ ደረቅ ያለ አፈር ውስጥ ተከልኩ። የካሉባ እናትም ደስ ብሏት የራሷን ወሰደች። ንሺማው እንደገና ይተርፍ ጀመር። ቤቱ ዝም አለ። እንደዚያ ያለ ዝምታ ጠላቴን አይግጠመው።

ከዚያ በኋላ ነው ያ ቀን የመጣው።

ዘጠኝ ሰዓት። ዝናቡ አባርቷል። በሩ ተንኳኳ።

የካሉባ እናት ነበረች። ጣሳዋን ይዛለች።

"ዞረች?" አልኳት።

ራሷን በመነቅነቅ ብቻ "አዎ" አለችኝ። ከዚያ በትከሻዬ በኩል ወደ ውስጥ አየች፤ ፊቷ አመድ መሰለ። ጣሳዋን ደፉ ላይ አስቀምጣ ወደ ኋላ ሸሸች።

"የማላማ አባት... ይውጡ።" ሹክሹክታ ነበር። "ጫማም አያስፈልግ። እኔ ጋ ይሁኑ።"

ዞሬ አየሁ።

ቅጠሎቹ ሁሉ ከመስኮቱ ዞረዋል። የተከልኳት ትንሿ ቅጠል እንኳን አንገቷን ሰብራለች። ከጣሳዎቹ ውሃ እየሞላ ይፈሳል... ጠብ... ጠብ... ጠብ።

የሚያዩት ወንበሩን አልነበረም።

አልጋውን ነበር። ቻንሳ ትተኛበት የነበረውን ጎን።

እጄን አየሁ። ነጩ ዶቃ እንደታሰረ ነው። ቻንሳ ሄዳለች።

"ይምጡ እንጂ!" አለች የካሉባ እናት፤ ልታለቅስ ምንም አልቀራት።

ባሏ አለ። ልጆቿ አሉ። እኔ እዚያ አንድ ቀን አድር ይሆናል፣ ሁለት ቀን አድር ይሆናል። ከዚያስ? ወደዚህ ዝምታ ነው የምመለሰው።

"ነገ እመጣለሁ" አልኳት።

በሩን ቀስ ብዬ ዘጋሁ። ጫማዬን አወለቅኩ። አልጋው ላይ ወጥቼ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ ተኛሁ።

ቻንሳ እንዳልሆነች አውቃለሁ። ይህን ስጽፍላችሁም አውቃለሁ።

ወደ ግድግዳው ጠጋ አልኩና... ቦታ ለቀቅኩ።

ጠብታው ቆመ።

ከጀርባዬ ያለው ፍራሽ ቀስ ብሎ ሰመጠ። የኩሬ ሽታ ሸተተኝ። ከዚያ ሸሚዜ ከትከሻዬ ጀምሮ፣ ቀስ እያለ፣ በቀዝቃዛ ውሃ ይርስ ጀመር።