የዙሌካ ሳል

«አይ ሊስን ቱ ዘ ሬዲዮ» አለች ገዲሴ ቆማ፣ ደረቷን እንደ ካድሬ ነፍታ። «አይ ሂር ኤ ካፍ ፍሮም ዙሌካስ ሃውስ።»

ዙሌካ የያዘችው እርሳስ ከእጇ ወደቀ።

መምህር አምሐ ግን በደስታ ሊፈነዱ ደረሱ። ለስምንተኛ ክፍል ሚኒስትሪ ፈተና ሲያዘጋጇቸው የሚምታቱ ቃላትን ጥንድ ጥንድ አድርገው ነው የሚያስተምሩት። ከመጽሐፍ የተቀዳ ዓረፍተ ነገር ደግሞ አይቀበሉም፤ ከገዛ ቤትሽ፣ ከገዛ ሰፈርሽ አምጪ ነው።

«ሰማችሁ? ሬዲዮኑን ፈልጋ፣ ጆሮዋን ሰጥታ ነው የምታዳምጠው፤ ሊስን! ሳሉን ግን ማን ጠራው? ራሱ ግድግዳ አልፎ መጣባት፤ ሂር!»

«ወፍራም ሳል ነው ቲቸር፣ የወንድ ዓይነት» አለች ገዲሴ፣ ሙገሳው አልበቃ ብሏት።

ፊት ወንበር የተቀመጠችው ተናኘወርቅ ቀስ ብላ ዞረች። የቀበሌው ሊቀመንበር ልጅ ናት።

ሰፈሩ በሙሉ የሚያውቀው የዙሌካ ወንድም ኑሪ ቡታጅራ አጎቱ ጋ እንደሄደ ነው። ኑሪ ግን ለብሔራዊ ውትድርና ስሙ ከተጠራ ጀምሮ ከአባቱ ሱቅ ጀርባ፣ ከበርበሬ ጆንያዎቹ በላይ ባለው ቆጥ ላይ ነው የሚውለው፤ የሚያድረውም እዚያው። ሳሉን ያመጣበት የበርበሬው ብናኝ ነው። «ለጥላሽም እንዳትነግሪ» ብላታለች እናቷ። ስለዚህ በአንድ የጭቃ ግድግዳ ለሚዋሰኗት ለገዲሴ እንኳ፣ ከልጅነቷ ጀምሮ ምንም ደብቃት ለማታውቃት ለገዲሴ፣ ትንፍሽ አላለችም።

«የኔ ነው!» ዙሌካ ብድግ አለች። «ሳሉ የኔ ነው ቲቸር።» ከዚያም ጉሮሮዋ እስኪላጥ ሳለች።

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። «ይሄማ የአይሱዙ ሞተር ነው!» አለ ከኋላ አንዱ። ተናኘወርቅ ብቻ አልሳቀችም።

ወደ ሰፈራቸው ብስራተ ገብርኤል ሲመለሱ ገዲሴ ዝም ማለት አቃታት። «አንቺ፣ ስትስዪ አይቼሽ አላውቅም እኮ።»

«አሁን አየሽ አይደል? ደግሞ ከሬዲዮኑ ይልቅ እኛን ነው ለካ የምታዳምጪው!»

«ታሾፊብኛለሽ? ምን አደረግኩሽ?»

ዙሌካ ልትነግራት አፏን ከፈተች። የእናቷ ፊት ድቅን አለባት፤ መልሳ ዘጋችው። ቀሪውን መንገድ ሁለቱም ጫማ ጫማቸውን እያዩ ሄዱ።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ የአብዮት ጥበቃዎቹ መጡ። ፊት ፊት የሚሄደው ጓድ ዋቅቶላ ነው። ሱቁ ደጃፍ ላይ ቆሞ በዓይኑ ውስጡን ዳሰሰ።

«ኑሪስ?»

«ቡታጅራ» አለች እናቷ። የስኳር መስፈሪያውን ወደ ጆንያው መለሰችው።

«የወንድ ሳል ይሰማል ተብለናል።»

ይሄኔ ከቆጡ ላይ የታፈነ ነገር ጉር ጉር አለ። ዙሌካ ቀድማ ሳለች። ደጋግማ ሳለች። ዓይኗ እንባ አቀረረ፣ ግን ብታቆም ኑሪን መውሰዳቸው ነው። «ውይ ጋሼ፣ እኔ ነኝ እኮ፤ ለቀበሌም ሳል ማስመዝገብ አለብኝ እንዴ?» አለች በተቆራረጠ ድምፅ።

ዋቅቶላ ሊስቅ ምንም አልቀረውም። ዙሌካ አየር ለመሳብ ቆም አለች። ያቺኑ ቅጽበት ጠብቆ ሌላው ሳል አመለጠ፤ ወፍራም፣ የወንድ።

ዋቅቶላ ጭንቅላቱን ቀና አደረገ። እናቷ ዓይኗን ጨፈነች።

«እህህህ! እህህ!» አለ ድንገት ግድግዳው። «ዙሌካ! ጉንፋንሽን አጋብተሽብኝ ልሞትልሽ ነው!»

የገዲሴ ድምፅ ነበር። ወዲያው እናቷ እትዬ ገበያነሽ ተከተለቻት፤ የእሷ ሳል ደግሞ ከወንድ የባሰ ነው። «ለኔም አተረፋችሁልኝ፣ እናንት መዓተኞች! እህህ!»

ዋቅቶላ ግድግዳውን አየ፣ ጣሪያውን አየ፣ ዙሌካን አየ። «ሰፈሩ በሙሉ ሳንባው ወልቋል» አለ ጠመንጃውን እያስተካከለ። ሁለት እርምጃ ሄዶ ዞረ። «ነገ ጠዋት ከሊቀመንበሩ ጋር ነው የምንመጣው። ቆጡንም ጓዳውንም እናያለን።»

ሄዱ። እናቷ ጆንያ ላይ ዘፍ ብላ ተቀመጠች።

ዙሌካ ወደ ግድግዳው ተጠግታ ጉንጯን ጭቃው ላይ ለጠፈች።

«ገዲሴ።»

«አቤት።» ድምፅዋ እንባ እንባ ይላል። «አላወቅኩም እኮ ዙሌ። ወላሂ አላወቅኩም።»

ክርስቲያኗ ገዲሴ ወላሂ ስትል ሌላ ቀን ቢሆን ዙሌካ በሳቅ ትፈርስ ነበር። እናቷ ከጆንያው ላይ ሆና ጭንቅላቷን ትነቀንቃለች፤ አትንገሪ፣ አትንገሪ። ዙሌካ እናቷን አየቻት፣ ቆጡን አየች። ከዚያ አፏን ወደ ስንጥቁ አስጠጋች።

«እትዬ ገበያነሽን ንገሪያት፤ የጓሯችሁን በር ክፈቱልን» አለች። «ሁለት ሆነን ነው የምንመጣው።»

ከወዲያ በኩል የዛገ የበር መቀርቀሪያ ሲሳብ ተሰማ።