ሠላሳ አንድ ቁጥር

«ሠላሳ አንድ!»

የሒሳብ መምህሩ በስም አይጠራም፤ በቁጥር ነው።

«ሠላሳ አንድ የለችም?»

«አቋርጣለች፣ ቲቸር» አለ ከኋላ አንዱ።

«እህ፣ የአምና ዝርዝር ነው ለካ» ብሎ ወደ ሠላሳ ሁለት አለፈ። ነገም ረስቶ እንደሚጠራው ክፍሉ ሁሉ ያውቃል።

ቀለሜ አንገቷን ደፋች። ከደብተር ስለማትለይ ነው ይህን ስም ያወጡላት። ቁጥሩ በተጠራ ቁጥር ከጎኗ የታፈነ ሳቅ የሚሰማት ይመስላታል። ሠላሳ አንድ ቁጥር ጓደኛዋ ሳቂታ ነበረች፤ መምህር ፊት ሳቋን በመዳፏ ነበር የምታፍነው። ቀለሜ ዞር ትላለች፤ ባዶ ወንበር።

አምና ከአስረኛ ክፍል ፈተና በፊት ዳይሬክተሩ ቀለሜን ቢሮ አስጠርቷት ነበር።

«ጓደኛሽ እንደማታልፍ አንቺም እኔም እናውቃለን። አንድ ሰው ከወደቀ መቶ በመቶ አሳለፍን የሚባል ነገር የለም። ለሌሎቹ ደካሞች እኛ እንነግራቸዋለን፤ እሷን አንቺ ቀስ ብለሽ ከፈተናው አስቀሪልኝ።»

ቀለሜም ዋሸቻት። «ያመመው ሰው በሚቀጥለው ወር ይፈተናል ተብሏል። አሞኛል በያቸው፤ ጊዜ ታገኛለሽ።»

ሳቂታ አንገቷ ላይ ተጠመጠመች። «አንቺ ባትኖሪ ምን ይውጠኝ ነበር!»

በሚቀጥለው ወር ፈተና የሚባል ነገር አልነበረም። ሳቂታ ትምህርት ቤቱ ሐሳቡን የለወጠ መሰላት። እናቷ ግን «ፈርተሽ ነው የቀረሽው» ብላ አክስቷ ልብስ ስፌት ቤት አስገባቻት። በትምህርት ቤቱ በር ላይ «መቶ በመቶ አሳለፍን» የሚል ጨርቅ ተሰቀለ። በዚያች ትንሽ ከተማ ከፀጉር አስተካካዩ እስከ መድኃኒት ሻጩ ወሬው ሁሉ እሱ ሆነ።

ዛሬ ከትምህርት በኋላ ዳይሬክተሩ ለቀለሜ ወረቀት ሰጣት። «ነገ በወላጆች ቀን አንቺ ታነቢዋለሽ። ድምፅሽን ከፍ አድርገሽ፣ እሺ የኔ ልጅ?»

መንገድ ላይ ገለጠችው። «አንድም ተማሪ ወደ ኋላ ያልቀረበት ትምህርት ቤታችን…» ይላል። ከዚያ በላይ ማንበብ አቃታት። እግሯ ወደ ቤት ሳይሆን ወደ ስፌት ቤቱ ወሰዳት።

ሳቂታ ሸሚዝ ላይ ቁልፍ ትተክላለች። «ውይ፣ ቀለሜ! ምነው ጠፋሽ? ካለፍሽ ወዲህ ኮራሽብን አይደል?» ብላ ሳቀች።

«የሚቀጥለው ወር ፈተና ውሸት ነበር» አለች ቀለሜ ሳትቀመጥ። «ዳይሬክተሩ አስቀሪያት ብሎኝ ነው። እኔ ነኝ የፈጠርኩት።»

ሳቂታ ክሩን በጥርሷ በጠሰችው። «ወሩን ሙሉ አጥንቼ ነበር» አለች። «ታውቂያለሽ?»

«አላወቅኩም።»

«ይቅርታ ምናምን እንዳትይኝ። እናቴ ዛሬም ፈሪ ነው የምትለኝ። ለእሷ ንገሪያት። ከሆስፒታሉ ልብስ ማጠቢያ ሥራዋ ስትወጣ በዚህ ነው የምታልፈው።»

የሳቂታ እናት ቁጡ ናቸው። ቀለሜ ወደ በሩ አየች።

«ስንት ሰዓት ይወጣሉ?»

«አስራ አንድ ተኩል።»

ግማሽ ሰዓት ቀርቷል። ሸሽቶ ለመሄድም ይበቃል።

«ነገ ወላጆች ተጠርተዋል» አለች ቀለሜ። «ንግግሩን የማቀርበው እኔ ነኝ፤ እሳቸውም መጥተው እውነቱን በሁሉም ፊት ይስሙ እላቸዋለሁ።»

ሳቂታ ቀና ብላ አየቻት፤ አልሳቀችም። በእግሯ በርጩማውን ገፋ አደረገችላት። ቀለሜ በሩ አጠገብ ተቀምጣ መንገዱን ማየት ጀመረች። ብዙ ሰው አለፈ። በመጨረሻ የሳቂታ እናት ከመታጠፊያው ጫማቸውን እየጎተቱ ብቅ ሲሉ ብድግ አለች፤ ወደ ደጅ ወጣች።