በሶናታው ውስጥ ያለችው ድፋት

እኔ እንኳንስ በመንፈስ፣ በአየር ትንበያም አላምንም፣ እዚህ ደብረ ታቦር የሚያውቀኝ ሁሉ በዚህ ይቀልድብኛል፤ እና ወዳጄ፣ ይሄን ስነግርህ ላሳምንህ ብዬ አይደለም፣ ለክርክር አቅሙም የለኝ፣ የሆነውን ብቻ ልንገርህ።

ጋሽ ይስማው በልጅነታቸው ድጓ ተምረው፣ ኋላ ውጭ አገር ፒያኖ ያጠኑ የሙዚቃ ደራሲ ነበሩ፣ ሲያረጁ ፒያኗቸውን በአይሱዙ አስጭነው እዚሁ ገቡ። ሲሞቱ ልጃቸው ወለላ ዓረብ አገር ሰው ቤት ትሠራ ነበር፣ በስልክ "ስትመጪ የምጫወትልሽ አለኝ" ይሏት ነበር፣ አልደረሰችባቸውም። ስትመለስ የተረፋት በእርሳስ የተሞነጫጨረ የሶናታ፣ የፒያኖ ድርሰት፣ ረቂቅ ነው፣ በከተማው ኖታ አነባለሁ ባይ ደግሞ እኔ ብቻ ነኝ።

"መምህር፣ እባክዎ አንዴ ብቻ ልስማው" ብላ ለመነችኝ። ፈተና ሳርም ውዬ ዓይኔ ተጨናብሷል፣ እምቢ ማለቱ ራሱ ደክሞኝ ፒያኖው ወዳለበት ቤታቸው ሄድኩላት።

ከሰዓት ነው፣ ከጉና ተራራ በኩል የመጣ ዝናብ ቆርቆሮውን ይደበድባል። ገጹ ስርዝ ድልዝ ነው፣ ከአንዳንዱ ኖታ ሥር ትንሽ ቅስት ተሰምራለች፣ በፒያኖ ጽሕፈት እንዲህ ያለችዋ ድምፁን ሳትለቅ ያዘው ማለት ናት፣ እኔም ያዝኩት።

ይሄኔ ከግድግዳው ወዲያ ጧ! አለ፣ መሬት በእንጨት ሲመታ እንደሚለው። በረዶ ነው ብዬ ደገምኩት፣ ቅስቷ ላይ ስደርስ ጧ! እመነኝ፣ ሌላ ቦታ ስሳሳት ዝም ነው፣ እሷ ላይ ብቻ።

"ወለላ፣ ከጓሮ ማን አለ?"

"ማንም የለ፣ ድንች ነው የተተከለበት።" ፊቷ ግን ተለዋወጠ። "አባባ ዜማ ሲያስተምሩ ተማሪ ከሳተባቸው በመቋሚያ እንዲህ ይመቱ ነበር። መቋሚያውን ለቤተ ክርስቲያን ሰጥቸዋለሁ እኮ፣ መምህር!"

ድጓቸው ትዝ ያለኝ ያን ጊዜ ነው። ቅስቷ የፒያኖ አይደለችም፣ የዜማ ምልክት ናት፣ ድፋት፣ ድምፅህን ዝቅ አድርግ የምትለዋ፤ ሰውየው ሁለቱን ጽሕፈት ቀላቅለውታል! ዝቅ እያደረግሁ ተጫወትኩት፣ ያ ዜማ ለካ እንጉርጉሮ ኖሯል። ግድግዳው ዝም አለ፣ ወለላ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ አለቀሰች።

ታዲያ ረቂቁ መስመር መሃል ላይ ተቋረጠ፣ ሳይጨርሱት ነው የሞቱት። እጄን አነሳሁ።

ጧ!

ገጹን ገለበጥኩት፣ ባዶ ነው። ጧ! አለ እንደገና።

ወለላ እንባዋን ጠርጋ "መምህር፣ ቀጥል እያሉዎት ነው" አለችኝ።

"ምኑን ልቀጥል፣ ልጄ?" አልኳት፣ ክዳኑን ከድኜ በዚያ ዝናብ ወጣሁ።

አሁንም ትደውላለች። "መጨረሻውን ሳልሰማ ልቅር? መቼ ይመጣሉ?" ትለኛለች፣ ከድምጿ ወዲያ ጧ ይላል፣ ትስማው አትስማው ጠይቄያት አላውቅም። ደክሞኛል እላታለሁ፣ ደክሞኛልም።